ከሰልፉ ማግስት



ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ ከኢትዮጵያ መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንዲት ጠባብ አዳራሽ ከወላጆች ጋር ተሰብስበን ነበር። የተጠራነው ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ ለመነጋገር ነው። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ግን፣ ከሠራዊት ከወጣ ገና ዓመት ያልሞላው አንድ ወጣት እጁን አነሣና፣ «አያቴ በ1985 ሰልፍ ወጡ። እናቴ በ1996 ወጣች። እኔም በ2019 ገና ተማሪ ሳለሁ ወጣሁ። ልጄ ደግሞ በስንት ዓመተ ምሕረት ነው የሚወጣው?» ሲል ጠየቀን። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት ዘወር ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ እኛ ያን ጊዜ ባንወጣ ኖሮ እናትህ ለመጋባት መጀመሪያ ውሃ ግቢ ትባል ነበር» አሉት።

ሁለቱም እውነት ተናገሩ። የአባትየው መልስ እውነት ነው፤ የልጁም ጥያቄ እውነት ነው። ይህን ርዕሰ አንቀጽ የምንጽፈው ሁለቱን እውነቶች ጎን ለጎን አስቀምጠን ለማየት ነው። ሰልፍ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜያችንን በልቷል። ከዚያ የሚበልጠው ጥያቄ፣ ሰልፉ በተበተነ ማግስት ጠዋት ማን ምን ይሠራል የሚለው ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር እንጽፋለን።)

ከስብሰባው ወጥተን ሽማግሌዎቹን ወደ አውቶቡስ ስንሸኝ በኢትዮጵያ መንገድ አለፍን። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከነቢያት መንገድ የሚነሣ፣ ግራና ቀኙ በድንጋይ አጥር የተከለለ ጠባብ መንገድ ነው። በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት፣ እዚያ ነው። ዕብራይስጥን የዕለት መነጋገሪያ ለማድረግ የደከሙት ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖሩበት ቤትም እዚያው መንገድ ላይ ነው። በዚያ ስናልፍ አንድ መንገደኛ ቀለማችንን አይቶ፣ ሳንጠይቀው፣ «ቤተ ክርስቲያኑ በዚህ በኩል ነው» ብሎ በደግነት ጠቆመን። አልተቀየምነውም። ክርስቲያኖቹ ያገራችን ልጆች ናቸው፤ ቋንቋችንም አንድ ነው። ነገር ግን አንዲት እናት፣ «እዚያ አይሁድ ብለው ርስት ነፈጉን፤ እዚህ ደግሞ ሐበሻ ብለው ቤተ ክርስቲያን ያሳዩናል» ብለው ሲስቁ፣ ሳቃቸው ምሬትም ነበረበት። የኛ ትግል ጠቅላላ ታሪክ በዚያ ሳቅ ውስጥ አለ።

አሁን ወጣቱ ወደ ቆጠራቸው ዓመታት እንመለስ።

በ1973 ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ። በ1975 መንግሥት የመመለስ ሕግ እኛንም እንደሚመለከት ተቀበለ። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ ስምንት ሺህ ያህል ወገን ገባ። በሱዳን መንገድና በመጠለያ ሰፈሮች አራት ሺህ ያህል ሰው ቀብሮ የመጣ ሕዝብ ነው። እዚህ ሲደርስ ግን ራባኑት «ለጥንቃቄ ነው» ብሎ፣ ለመጋባት መጀመሪያ በመቅዋ ውሃ ውስጥ ግቡ አለው። ለባለሥልጣኑ ነገሩ ቀላል ሥርዓት ነበር። ለአባቶቻችን ግን ሌላ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ነገሥታት ዘመን ተጠመቁ ሲባሉ እምቢ ብለው መሬት ያጡ፣ የሸሹ፣ የሞቱ ሰዎች ልጆች ናቸው። በጽዮን አገር ውሃ ግቡ ሲባሉ፣ ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ አባቶቻችሁ አይሁድ አልነበሩም የተባሉ ያህል ሆነባቸው።

ስለዚህ በሴፕቴምበር 1985 ከራባኑት ዋና መሥሪያ ቤት ከሄኻል ሽሎሞ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። ብርሃን ሠረቀም አስተሰርዮም እዚያው ደረሱባቸው። ቄሶች፣ እናቶች፣ ሕፃናት፣ ዕብራይስጥ ገና ያልለመዱ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ መሣሪያቸው መቀመጣቸው ብቻ ነበር። በመጨረሻም በጠቅላይ ሚኒስትር ሺሞን ፔሬስ በኩል ስምምነት ተደርሶ ተነሡ።

ስምምነቱ ሁሉን ነገር አልፈታም። ከሰልፉ በኋላም ጥንዶች ወረቀታቸውን ይዘው ከከተማ ወደ ከተማ ተንከራተዋል። እየቆየ ግን የናታንያው ራቢ ዳዊት ሼሉሽ ጋብቻቸውን ያለ ጊዩር ይመዘግቡ ጀመር፤ ብዙዎቻችሁ የተጋባችሁት በዚያ በር ገብታችሁ ነው። እንግዲህ አባትየው ልክ ናቸው። መቀመጡ በሩን አንኳኳ። በሩን ያስከፈቱት ግን ከዚያ በኋላ ፋይላቸውን በብብታቸው ይዘው ቢሮ ለቢሮ የተመላለሱት ጥንዶችና እነሱን የደገፉ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው 1996 ነው። በጃንዋሪ ወር ማዓሪቭ ጋዜጣ፣ ወጣቶቻችን የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ይጣል እንደነበር አወጣ። ምክንያቱ የኤድስ ፍራቻ ነው ተባለ። ደሙን ተቀብለው፣ አመስግነው፣ ሰውየው ዘወር ሲል ይደፉት ነበር። በጃንዋሪ 28 ቀን አሥር ሺህ ያህል ሕዝብ ኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ፊት ተሰለፈ። ከፖሊስ ጋር ግጭት ተነሣ፤ በሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ተጎዳ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመሩት አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ምርጫ አቶ አዲሱ መሠለ ከሕዝባችን የመጀመሪያው የክነሴት አባል ሆኑ።

እንግዲህ ቆሟል ብለን ወደ ቤታችን ገባን። በዲሴምበር 2013 ወይዘሮ ፕኒና ታማኖ ሻታ የክነሴት አባል ሆነው ሳለ፣ እዚያው ክነሴት ውስጥ ደም ሊለግሱ ቢቀርቡ በትውልድ አገራቸው ምክንያት አይቻልም ተባሉ። ሕግ የሚያወጣው ቤት ውስጥ! የጤና ሚኒስቴር አሠራሩን ለመለወጥ መወሰኑ የተሰማው ከ1996ቱ ሰልፍ ሃያ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። በነዚያ ሃያ ዓመታት ውስጥ «የኮሚሽኑ ሐሳብ የት ደረሰ?» ብሎ በየዓመቱ የሚጠይቅ አንድ የታወቀ ጠረጴዛ ቢኖረን ኖሮ፣ ይህን ያህል ይቆይ ነበር? ለዚህ ተጠያቂው መንግሥት ብቻ አይደለም። እኛም ሰልፉን እንደ ድግስ ቆጥረን ሲያልቅ ወንበሩን አጥፈን ሄደናል።

ሦስተኛው 2015 ነው። በኤፕሪል መጨረሻ በሆሎን ከተማ የደንብ ልብስ የለበሰው ወታደር ዳማስ ፓካዳ በፖሊስ ሲመታ በካሜራ ታየ። በመጀመሪያ ኢየሩሳሌም፣ ቀጥሎ በሜይ 3 ቴል አቪቭ በራቢን አደባባይ ሕዝቡ ወጣ። ከዚያም በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ሥራ አስኪያጅ በወይዘሮ ኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ ተቋቁሞ በ2016 ሪፖርቱን አቀረበ፤ በሕዝባችን ላይ ዘረኝነት እንዳለ የመንግሥት ወረቀት ላይ ተጻፈ። በፍትሕ ሚኒስቴርም ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍል ተከፈተ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በጃንዋሪ 2019 ይሁዳ ቢያድጋ በባት ያም፣ በጁን 30 ቀን ደግሞ ሰሎሞን ተካ በቂርያት ሐይም በፖሊስ ጥይት ሞቱ። አገሩ ሁሉ ተዘጋ፤ ጎማ ነደደ፤ መኪና ተቃጠለ፤ ከመቶ በላይ ሰው ታሰረ። የሰሎሞን ቤተሰብ በሐዘን ላይ እያሉ ሰልፉ እንዲበርድ እስከ መለመን ደረሱ።

በዚያን ጊዜ በየቤታችን የሆነውን አንርሳ። አባት ልጁን «ውጣ» ማለት ፈራ፤ «አትውጣ» ማለትም አፈረ። በቴሌቪዥን የልጁ ሐዘን ሳይሆን የተቃጠለው መኪና ብቻ ታየ። ጩኸታችንን ቀሙን ብንል ልክ ነን፤ ነገር ግን የሚቀሙበትን ክብሪት ያቀበልናቸው አንዳንዶቻችን ነን።

እዚህ ላይ ከቤታችን ወጣ ብለን የሌላውን ቤት ማየት ይጠቅማል። ከእኛ ሩቅ የሆነች አገር እናንሣ፤ ሰሜን አየርላንድን። እዚያ የቀለም ልዩነት የለም፤ ሁሉም ክርስቲያን ነው። ጠቡ በፕሮቴስታንትና በካቶሊክ መካከል ነበር። በ1921 አየርላንድ ስትከፈል ሰሜኑ በብሪታንያ ሥር ቀረ። በቁጥር የሚበልጠው ፕሮቴስታንት ከብሪታንያ ጋር መኖር ይወድ ነበር። ከካቶሊኩ ብዙው ግን ከተቀረው አየርላንድ ጋር አንድ መሆን ይመኝ ነበር፤ ናሽናሊስት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ለሃምሳ ዓመት ያህል አንድ ፓርቲ ብቻውን ገዛ። የናሽናሊስቱ ተቃዋሚ በምክር ቤቱ ቢቀመጥም የሚሰማው አልነበረም።

ጉዳዩ የባንዲራ ብቻ አልነበረም፤ የቤትና የድምፅም ነበር። በደሪ ከተማ ካቶሊኩ በቁጥር ይበልጥ ነበር። ሆኖም የምርጫ ሠፈሮቹ በዘዴ ስለተከፋፈሉ የከተማው ምክር ቤት በሌላው እጅ ነበር። በከተማ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ቤት ያለው ሰው ነው፤ እንግዲህ ቤት የሚያድለው ድምፅም ያድላል ማለት ነው። በ1968 በካሌደን መንደር ልጆች ያሏቸው ካቶሊኮች ቤት እየጠበቁ ሳለ አንድ ቤት ላላገባች ወጣት ፕሮቴስታንት ተሰጠ። ኦስቲን ከሪ የተባሉ የተቃዋሚ ምክር ቤት አባል ገብተው ቤቱን በመያዝ ተቃወሙ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 5 ቀን በደሪ የወጣው የመብት ሰልፍ በፖሊስ ዱላ ተበተነ፤ ዓለምም በቴሌቪዥን አየው። በካራቫን ኖራችሁ የማሽካንታ ወረፋ የጠበቃችሁ ወገኖች፣ ይህ ታሪክ በጣም እንግዳ እንደማይሆንባችሁ እናምናለን።

ከዚያ በኋላ ናሽናሊስቱ ለሁለት መንገድ ተከፈለ። አንዱ ጠመንጃ አነሣ። ሌላው በኦገስት 1970 ሶሻል ዴሞክራቲክና ሌበር ፓርቲ የሚባል የተቃዋሚ ፓርቲ አቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆን ሂዩም ናቸው። ሂዩም አስተማሪ ነበሩ። ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት በ1960 ከሠፈራቸው ሰዎች ጋር በደሪ የቁጠባና ብድር ማኅበር መሥርተዋል፤ ከባንክ ብድር የማያገኘው ድሃ፣ እንደ እኛ እቁብ፣ ከጎረቤቱ ጋር ገንዘብ አጠራቅሞ ይበደር ዘንድ ነው። ሕዝብ መጀመሪያ አንድ ነገር አብሮ መሥራት ሲለምድ ነው አብሮ መቃወም የሚችለው ማለት ነው።

ይህ ፓርቲ ለስላሳ አልነበረም። በጁላይ 1971 የብሪታንያ ሠራዊት በደሪ ሁለት ወጣቶችን ሲገድልና የጠየቁት ምርመራ ሲከለከል ምክር ቤቱን ትተው ወጡ። በኦገስት ወር ሰው ያለ ፍርድ መታሰር ሲጀምር ሕዝቡ የቤት ኪራይና የከተማ ግብር እንዳይከፍል ጠሩ። ነገር ግን ሰው መግደልን፣ ገዳዩ ማንም ይሁን ማን፣ አወገዙ። በዚህም ምክንያት በሁለቱም ወገን ተሰደቡ። ለመንግሥት አመጸኞች፣ ለጠመንጃው ወገን ፈሪዎች ነበሩ። እውነተኛ ተቃዋሚ ብዙ ጊዜ የሚቀመጥበት ወንበር ይኸው ነው።

በጃንዋሪ 30 ቀን 1972 በደሪ ሰልፍ ላይ ሠራዊቱ ተኩሶ በዚያው ቀን 13 ሰው ገደለ። ወዲያው የተደረገው ምርመራ ወታደሮቹን ነጻ አወጣ፤ ሟቾቹንም አጠራጣሪ አደረጋቸው። ቤተሰቦቹ ግን ፋይሉን አልጣሉም። እናት ስትሞት እህት፣ እህት ስትደክም የወንድም ልጅ ተቀበለ። ሁለተኛው ምርመራ በ2010 ውጤቱን ሲያወጣ፣ ሟቾቹ ንጹሓን እንደነበሩ ተጻፈ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮንም በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት መሆኑ ነው። ሰልፉ ራሱ የአንድ ቀን ነበር፤ ማግስቱ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈጀ።

የጠመንጃውስ መንገድ ምን አመጣ? በ1974 ሁለቱ ወገኖች ሥልጣን ተጋርተው የሚያስተዳድሩበት መንግሥት ተሞክሮ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የፕሮቴስታንት ሠራተኞች አድማ አፈረሰው። በ1981 አሥር እስረኞች በረሃብ አድማ ሞቱ። ቦምቡም ጥይቱም ቀጠለ። ሂዩም በ1988 ከሺን ፌን መሪ ከጌሪ አዳምስ ጋር መነጋገር ጀመሩ፤ በገዛ ፓርቲያቸው ውስጥ ሳይቀር ተወቀሱ። በኤፕሪል 10 ቀን 1998 ስምምነት ተፈረመ። ሂዩምና የሌላው ወገን መሪ ዴቪድ ትሪምብል በዚያው ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። የስምምነቱ ልብ ሥልጣን መጋራት ነው፤ ያው በ1974 ተሞክሮ የፈረሰው ሐሳብ። በሠላሳው የጠብ ዓመታት ያለቀው ሦስት ሺህ አምስት መቶ ያህል ሰው ግን አልተመለሰም።

ልዩነታችንን አንደብቅም። የእነሱ ናሽናሊስት የሚኖርበትን መንግሥት የእኔ አይደለም ይል ነበር። እኛ ግን አባቶቻችን ስሙን በጸሎት እየጠሩ ወዳደሩበት አገር ነው የመጣነው፤ የኛ ጥያቄ ልጅነታችን ይቆጠርልን የሚል ነው። ደግሞም ከመካከላችን ጠመንጃ ያነሣ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሆኖም አንድ ነገር ከእነሱ እንማራለን፤ ልመናም ሆነ ቃጠሎ ተቃውሞን አይተካም። ተቃውሞ ሥራ ነው፤ እንደ ማንኛውም ሥራ ሠራተኛ፣ ደብተርና ትዕግሥት ይፈልጋል።

እንግዲህ የኛ ድካም የት ላይ ነው? ሁለቱን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው መበታተናችን ነው። ከሕዝባችን የተመረጡ የክነሴት አባላት ከአቮዳ፣ ከሻስ፣ ከቃዲማ፣ ከየሽ አቲድ፣ ከሊኩድ ወጥተዋል። በ2006 አቲድ ኤሐድ የተባለ የራሳችን ፓርቲ ለምርጫ ቀርቦ ማለፊያውን ድምፅ አላገኘም። ወይዘሮ ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2020 ከሕዝባችን የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ሆነዋል። በተለያየ ፓርቲ መግባታችን ኃጢአት አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ ነው። ችግሩ ፓርቲ የገባውን «ተሸጠ» ብለን፣ ውጭ የቀረውን ደግሞ «ረባሽ» ብለን መጠራራታችን ነው። በ1985 የተቀመጡት ባይኖሩ ፔሬስ አይነጋገሩም ነበር፤ በ2013 ክነሴት ውስጥ የተቀመጠች ሴት ባትኖር ደግሞ የደሙ ነገር ዳግመኛ አይታወቅም ነበር። በ2008 ክነሴት ስግድን የአገር በዓል ብሎ በሕግ ሲያጸድቅ ጎማ ያቃጠለ አልነበረም፤ ያለ ቄሶቻችንና ያለ ሕዝቡ የዓመታት ጽናት ግን ሕጉም አይኖርም ነበር። ውጭ ያለው ድምፅ፣ ውስጥ ያለው ወንበር ነው፤ አንዱ ያለ አንዱ ሽባ ነው።

ሁለተኛው ድካማችን ይብሳል። ራባኑት አይሁድነታችንን ሲጠራጠር አንድ ወር ሜዳ ላይ የዋለ ሕዝብ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ስለሚጠብቁት ወገኖች ሲነሣ እርስ በርሱ «አይሁድ ነው፣ አይደለም» ይባባላል። አያቶቻቸው ክርስትና የተነሡ ናቸው በማለት ፈላሽ ሙራ የሚል ስም ወጣላቸው። መንግሥት በ2015 ዘጠኝ ሺህ ያህል ሰው ለማምጣት ወሰነ፤ ሰዎቹ ግን በየጊዜው እየተቆራረጡ ነው የመጡት። ሲገቡም በመመለስ ሕግ አይደለም፤ ጊዩርም ይጠበቅባቸዋል። በዚህ ጉዳይ በዝግጅት ክፍላችንም ሐሳቡ አንድ አይደለም፤ ከቄሶቻችንም የሚደግፍ አለ፣ የሚቃወም አለ። መለያየቱን አንፈራም። የምንፈራው ስድቡን ነው። አባቶቻችን በሄኻል ሽሎሞ ፊት ያቃጠላቸውን ቃል እኛው ለጎረቤታችን ልጅ ከወረወርን፣ ነገ በምን አንደበት ነው ራባኑትን የምንወቅሰው? በመካከላችን ያለውን ተቃዋሚ መስማት ካልቻልን መንግሥት እኛን እንዲሰማ መጠየቅ ይከብደናል።

ምን እናድርግ? ከመካከላችን አስተማሪነት የተማርን አለን። በመምህራን ማሠልጠኛ የትምህርት ዕቅድ ስንጽፍ በመጨረሻ የማይቀር መስመር ነበር፤ «ተማሪው መረዳቱን በምን እናውቃለን?» የሚል። ሰልፎቻችን የሚጎድላቸው ይህ መስመር ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ለውይይት እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ማንኛውም ሰልፍ ከመጠራቱ በፊት ጥያቄው በአማርኛና በዕብራይስጥ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ከማን ምን እንደምንፈልግ፣ እስከ መቼ እንደምንጠብቅ ይታወቅ። «ዘረኝነት ይቁም» ጥሩ መፈክር ነው፤ ነገር ግን ማንም ባለሥልጣን «እሺ» ብሎ ሊሸኘን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከሰልፉ ማግስት የሚከታተሉ ሦስት ሰዎች በሕዝብ ፊት ይመረጡ፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ሕግ ወይም ጽሕፈት የሚያውቅ፣ አንድ ወጣት። በየሦስት ወሩ ጉዳዩ የት እንደ ደረሰ ለሕዝብ ይናገሩ። ይህ ጋዜጣ ቦታውን ይሰጣል።

ሦስተኛ፣ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ይውጡ። ሽማግሌዎችና እናቶች በዳር ቆመው ሰልፉን ይጠብቁ። ልጁን «አትውጣ» ብሎ ከመከልከል «አብሬህ እወጣለሁ» ማለት ይሻላል። በፖሊስ ቢያዝም ጠበቃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ከቤት ሳይወጣ ይማር።

አራተኛ፣ ከኮሚቴ ወይም ከስብሰባ ረግጦ መውጣት ካስፈለገ እንውጣ፤ መውጣትም መሣሪያ ነው። ግን ለምን እንደወጣንና ምን ሲሟላ እንደምንመለስ ጽፈን እንውጣ። በር ዘግቶ ቁልፉን መጣል ኩርፊያ ነው፤ ፖለቲካ አይደለም።

አምስተኛ፣ የየቤታችሁን ጉዳይ ጻፉ። በዚያው ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ያወሩትን እንንገራችሁ። ልጃቸውን ለማስመዝገብ አንድ ትምህርት ቤት ሄደው «ቦታ የለም» ተባሉ። በማግስቱ የጎረቤታቸው ልጅ፣ የሌላ አገር ተወላጅ፣ እዚያው ተመዘገበ። እናትየው አላለቀሱም፤ አልተሳደቡምም። የሄዱበትን ቀንና ሰዓት፣ ያነጋገራቸውን ሰው፣ የተሰጣቸውን መልስ በትልቋ ልጃቸው እጅ አስጽፈው ይዘው ወደ ከተማው ትምህርት ክፍል ሄዱ። በሁለት ሳምንት ልጁ ገባ። «ወረቀቱን ሲያዩ ወንበር ሰጡኝ» አሉን። አንድ ሰልፍ የሚያህል ሥራ ነው እኚህ እናት የሠሩት።

ይህን ሁሉ ስንል ወጣቱን ለማስተኛት አይደለም። አንድ ቀን እንደገና መውጣት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያን ጊዜም ከፊት እንሰለፋለን። የደሪው ሕዝብ በ1968 የጠየቀው ቤትና ድምፅ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ያ ጥያቄ በጊዜው የሚሰማ ጆሮና የሚከታተል እጅ አጥቶ ነው ሠላሳ ዓመት ደም የፈሰሰው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህንኑ ነው።

አንተ ወጣት፣ ልጄ በስንት ዓመተ ምሕረት ነው የሚወጣው ላልኸው፣ ቀን ቆርጠን ልንነግርህ አንችልም። ነገር ግን አያትህ በ1985 የጀመሩት ደብተር አለ፤ ብዙ ገጹ ባዶ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ከሚመረጡት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነህ እንድታገኘን እንጠብቅሃለን። ያነጋገሩህ አባትም እንደሚመጡ ነግረውናል።

ሰላም ሁኑ።

የዝግጅት ክፍሉ